የጉልበት ቅባት

ጡቷን የሚያማት ሴት መድኃኒት ቤት ስትገባ ከበሩ ትታወቀኝ ነበር። ወረፋ አትይዝም። የጥርስ ሳሙናውን ታገላብጣለች፣ የሕፃን ፓውደር አንስታ ታሸታለች፣ መልሳ ታስቀምጣለች፤ ወንዶቹ ወጥተው እስኪያልቁ የማታየው ዕቃ የለም። ከዚያ ነጠላዋን አፏ ላይ ሳብ አድርጋ ባንኮኒው ላይ ደገፍ ትልና «እህቴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ» ትላለች። እኔ በሌለሁበት ቀን ከመጣች ደግሞ ጉድ ነው። ወንዱ ባልደረባዬ ምን እንደሚያማት ሲጠይቃት «ደረቴን ነው» ትለዋለች፤ እሱም ሳይጠራጠር የሳል ሽሮፕ ጠቅልሎ ይሰጣታል። ምንም ሳትል ከፍላ ትሄዳለች። በማግስቱ ያልተከፈተውን ጠርሙስ በመሀረብ ቋጥራ ትመጣና ብቻዬን እስክታገኘኝ ጥግ ይዛ ትቆማለች። ይህ በእኛ አቆጣጠር በ1970ዎቹ፣ አዲስ አበባ ውስጥ፣ መድኃኒት በፍሬ ተቆጥሮ በወረቀት ይጠቀለል በነበረበት ዘመን ነው።

አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። የእህቴ ልጅ የራሷን ፋርማሲ ስለከፈተች አንዳንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እሷ ዘንድ እቀመጣለሁ። ደንበኛዋ የጆሮ ማዳመጫዋን ሳታወልቅ ትገባለች፤ ስልኳን ባንኮኒው ላይ ታስቀምጥና «ይሄ አለ? ለጡት ህመም» ትላለች። ከኋላዋ ሦስት ወንዶች ቆመዋል፤ አንዳቸውም ከስልካቸው ቀና አይሉም። ሀፍረቱ መሄዱ እሰየው ነው። ጨዋታው ግን አብሮት ሄዷል። መቼ እንደሚያማት፣ በስንት ቀኑ እንደሚተዋት፣ አንዱን ጡት ይሁን ሁለቱንም የሚጠይቃት የለም፤ የሚጠበቅብን «አለ» ወይም «የለም» ማለት ነው። ካለ ዋጋው ይነገራታል።

ከመድኃኒት ቤቱ በፊት ቤት ነበር። እኔ ባደግሁበት ግቢ የጡት ህመም ሲባል መጀመሪያ የሚጠረጠረው ምች ነው። ዳማከሴ በመዳፍ ታሽቶ ይጨመቃል፤ ግማሹ ይጠጣል፣ ግማሹ ይቀባል። በዚያ ካልተሻላት ብርድ ነው ይባልና ጋቢ ይደረብላታል። አክስቴ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ ለልጃገረዶች ያላት መድኃኒት አንድ ብቻ ነበር፦ «ወልደሽ ስታጠቢ ይተውሻል።» ይህንንም የምትለው ሽሮዋን እያማሰለች፣ ዞር ብላ እንኳ ሳታይ ነው። ከእሷ ወጥ ቤት ተጽናንታ ያልወጣች ልጅ አላስታውስም።

ነገሩን ዛሬ በሕክምናው ዓይን ሲያዩት አክስቴ የተናገረችው ከንቱ አልነበረም። አብዛኛው የጡት ህመም ከወር አበባ ጋር የሚመላለስ ነው። ደም ከመምጣቱ ሳምንት ወይም ሁለት ሳምንት አስቀድሞ ይጀምራል፣ ሁለቱንም ጡት ይይዛል፣ ወደ ብብት አካባቢ ይበረታል፣ ደሙ ሲመጣ ቀለል ይላል። አክስቴና እኩዮቿ ደግሞ ሰባት ስምንት ልጅ የወለዱ፣ እያንዳንዱን ሁለት ዓመት ያጠቡ ነበሩ፤ የወር አበባቸውን የሚያዩት በእርግዝናና በማጥባት መካከል ክፍተት ሲገኝ ነው። በ2000 እ.ኤ.አ. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት አንዲት ኢትዮጵያዊት በአማካይ 5.5 ልጆች ትወልድ ነበር፤ በ2016ቱ 4.6 ሆኗል፤ አዲስ አበባ ላይ ከሁለትም በታች ነው። ጥቂት የወለደችው የከተማ ሴት ከአክስቴ ይልቅ ብዙ የወር አበባ ታያለች፤ የሚያማትም ወር ይበዛል። በዚያ ላይ የሦስት ወር መርፌው አለ፣ የወሊድ መቆጣጠሪያ እንክብሉ አለ፤ አንዳንዷን ሴት ጡቷን የሚያማት ከእነሱ የተነሳ ነው። ለልብ ድካምና ለደም ግፊት የሚሰጠው ስፓይሮኖላክቶንም እንዲሁ ያደርጋል። አክስቴ «ውለጂ» ብላ የምታልፈውን የዛሬ ሐኪም «የምትወስጂው መድኃኒት አለ?» ብሎ መጀመር አለበት። ብዙዎቹ አይጀምሩም።

እመጫቷ ጋ ስንመጣ የቤቱ ጥበብ ተገልብጧል። ጡቷ ወተት አጋቶ ሲጠጥር ሙቅ ውኃ የተነከረ ጨርቅ ይደረግበታል፣ ቅቤ ይቀባል፣ እጇ የጠና ሴት ተጠርታ እስኪለሰልስ ታሸዋለች። እመጫቷ ከንፈሯን ነክሳ ታለቅሳለች፤ ዙሪያዋን የተቀመጡት ሴቶች «አይዞሽ፣ ሊወጣልሽ ነው» ይላሉ። ገንፎው በአንድ በኩል ይቀርባል፣ ቡናው በሌላ በኩል ይፈላል። የዚያን ዕለት ደጋፊዎቿ ቤቱ አይበቃቸውም።

በ2022 እ.ኤ.አ. የወጣው ዓለም አቀፍ የጡት ማጥባት ሐኪሞች መመሪያ በኃይል ማሸትን ይከለክላል፤ የተቆጣውን ሥጋ ይብስ ያሳብጠዋል ይላል። በሙቅ ጨርቁ ፈንታ በረዶ፣ ለህመሙ አይቡፕሮፌን፣ ለሕፃኑ እንደተለመደው ማጥባት፤ አንቲባዮቲክ የሚታዘዘው ባክቴሪያ መግባቱ ሲታመን ነው። ትክክል ነው፣ እቀበላለሁ። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ብቻዋን የተቀመጠችው እመጫት መመሪያውን በስልኳ አንብባ በረዶዋን በፎጣ ጠቅልላ ይዛለች፤ ባሏ ሥራ ነው፣ እናቷ ክፍለ ሀገር ናት። የሚያሳምማት እጅ የለም፤ «አይዞሽ» የሚላትም እንዲሁ።

ወደ ባንኮኒዬ ልመለስ። እኛ ሳል ሽሮፕ በምንሸጥበት ዘመን በሌላው ዓለም የጡት ህመም ሕክምና ወርቃማ ጊዜ ላይ ነበር። ዌልስ ውስጥ፣ ካርዲፍ ከተማ፣ ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለዚሁ ህመም ብቻ የቆመ ክሊኒክ ይሠራ ነበር። ሴቶቹ የሚያማቸውን ቀን በካርድ ላይ እየሞሉ ያመጣሉ፤ ሐኪሞቹ ሆርሞን የሚነኩ መድኃኒቶችን በተራ ይሞክራሉ። ዳናዞል ነበር፣ ብሮሞክሪፕቲን ነበር፣ ከአንድ ቢጫ የሜዳ አበባ ፍሬ የሚጨመቅ ኢቭኒንግ ፕሪምሮዝ የሚባል ዘይት ነበር። እኛ ጋ የሚደርሰው ወሬው ነው። በመደርደሪያው ላይ ያለን ቫይታሚን ኢ፣ ቫይታሚን ቢ6 እና ሽንት የሚያበዛ እንክብል ነው፤ ሐኪም ሦስቱንም ለጡት ህመም ያዝዝ ነበር፣ እኛም ቆጥረን እንሰጣለን። የማታምን ደንበኛ ደግሞ ሁለት ፍሬ አምፒሲሊን ትለምነናለች፤ ያኔ አምፒሲሊን ከጥርስ እስከ እግር የማይታመንበት ነገር አልነበረም። ሴቲቱ በወረቀት የተጠቀለለችውን ቫይታሚን በጡቷ መያዣ ውስጥ ሸጉጣ ደስ ብሏት ትሄዳለች። የተሻላት እንደሆነ ሽንኩርት ወይም እንቁላል ይዛልኝ የምትመጣበት ጊዜ ነበር።

ከሁሉ ያሳቀን የቡናው ነው። በ1979 እ.ኤ.አ. ጆን ሚንተን የሚባል የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ቡና፣ ሻይና ቸኮሌት የተዉ ሴቶች የጡታቸው ህመምና ጥጥርነት ጠፋላቸው ብሎ ጻፈ። ወሬው ውቅያኖስ ተሻግሮ እኛም ሐኪሞች ዘንድ ደረሰ። ትዝ ትለኛለች፣ አንዲት የሰፈራችን ወይዘሮ፣ ጀበናዋ ከእሳት ወርዶ የማያውቅ፣ ሐኪሙ «ቡና ይተዉ» ያላትን ልትነግረኝ ከጎረቤቷ ጋር መጣች። «ሦስተኛውን ልቀንስ እንዴ?» አለችኝ፣ በረካን ማለቷ ነው። ጎረቤቷ ቀበል አድርጋ «በረካ ተቀንሶ ምን ቤት ይቀራል!» አለች። ሁለቱም ሲስቁ ባንኮኒው ተንቀጠቀጠ። ያቺ ሴት ቡናውንም አልተወች፣ ህመሙም ካረጠች በኋላ ተዋት።

ዛሬ ያ ሁሉ በሚዛን ላይ ወጥቷል። የቡናውን ነገር የሚያጸና ጥናት አልተገኘም፤ ቫይታሚን ኢ እና ቢ6 ከባዶ እንክብል አልበለጡም፤ ሽንት የሚያበዛውም አልረዳም። የፕሪምሮዙን ዘይት እንግሊዞች ለዓመታት በሐኪም ትእዛዝ ሲሰጡት ቆይተው በ2002 እ.ኤ.አ. ፈቃዱን ነጠቁት፤ ለመሥራቱ በቂ ማስረጃ የለም ተባለ። እውነት የሚሠሩት ሆርሞን ነኪዎቹ ናቸው፤ ዋጋቸው ግን ከህመሙ ይበልጣል። ዳናዞል ህመሙን ይቀንሳል፣ ደግሞም ብጉር ያወጣል፣ ክብደት ይጨምራል፣ ድምፅ ያጎረንናል፣ አገጭ ላይ ጸጉር ያበቅላል። ህመሙ ትቷት ጺም የምታወጣ ሴት ምን ብላ ታመሰግናለች? ብሮሞክሪፕቲን ያቅለሸልሻል፣ ያዞራል፤ ወተት ለማድረቅ ይሰጥ የነበረበትንም አገልግሎት አሜሪካ ውስጥ አምራቹ በ1994 እ.ኤ.አ. አቁሞታል፤ በጥቂት እመጫቶች ላይ የአንጎል ደም መፍሰስና የልብ ችግር ታይቶ ነበር።

የቀረው ታሞክሲፈን ነው። ይህ መድኃኒት የራሱ ታሪክ አለው፤ በ1962 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ ውስጥ ዶራ ሪቻርድሰን የምትባል የኬሚስትሪ ባለሙያ ስትሠራው የታሰበው እርግዝና እንዲከላከል ነበር። በሴቶች ላይ ሲሞከር እንቁላል እንዲወጣ አገዘና ለዚያ ሳይሆን ቀረ፤ ቆይቶ የጡት ካንሰር መድኃኒት ሆነ። በ2007 እ.ኤ.አ. ጥናቶቹን ሁሉ አንድ ላይ የመዘኑ ተመራማሪዎች ለከባድ የጡት ህመም ከሦስቱ የሚሻለው እሱ ነው አሉ፤ በቀን 10 ሚሊግራም፣ ለጥቂት ወራት። ሙቀት ያመጣል፣ አልፎ አልፎ ደም ያረጋል፣ ላረገዘች ፈጽሞ አይሆንም፤ ስለዚህ የሚታዘዘው ሌላው ሁሉ ተሞክሮ ህመሙ ኑሮዋን ላወከባት ሴት ነው። እኛ አገር ደግሞ ሌላ ጣጣ አለበት። ሴቲቱ ካርቶኑን ቤቷ ወስዳ በውስጡ ያለውን ወረቀት ትዘረጋዋለች፤ መጀመሪያ የምታገኘው «የጡት ካንሰር» የሚለውን ነው። ማታውኑ የእህቴ ልጅ ስልክ ይጮኻል። እህትማማቾቹ ሁሉ ያለቅሳሉ፣ ሐኪሙ የደበቀን ነገር አለ ይላሉ። ድሮ ወረቀት ጠቅልለን ስንሰጥ በወረቀቱ ላይ የሚነበበው የአዲስ ዘመን ቁራጭ ነበር፤ ያ ማንንም አላስለቀሰም።

ጡት መያዣውን ላንሳ። በእኛ ጊዜ ጡት መያዣ የሚገዛው መርካቶ፣ መሬት ላይ ከተዘረጋ ሸራ፣ በዓይን መጥኖ ነው። ሻጩ ወንድ ነው፤ ሴቲቱ በሸሚዟ ላይ ለካ አድርጋ «ይሆነኛል» ትላለች፣ ሳይሆናት ትለብሰዋለች። ብረቱ ወግቷት፣ ማንጠልጠያው ትከሻዋን ቆርጧት «ጡቴን አመመኝ» ብላ እኔ ዘንድ ስትመጣ ስለ ጡት መያዣዋ መጠየቅ ነውር ይመስል ነበር። መድኃኒት እንጂ ልብስ አልሸጥንላትም።

በ2000 እ.ኤ.አ. ሳውዲ ዓረቢያ ውስጥ 200 ሴቶች ላይ የወጣ ጥናት አለ። ግማሾቹ ዳናዞል ወሰዱ፣ ግማሾቹ በልካቸው የሆነ የስፖርት ጡት መያዣ ለበሱ። ከዳናዞሎቹ ከ100ው 58ቱ ተሻላቸው፤ ከጡት መያዣዎቹ 85ቱ። ያውም ጺም ሳያወጡ። ከጅዳና ከቤይሩት የሚመለሱ ልጆቻችን ሻንጣቸው ውስጥ ለእናታቸው ወርቅ፣ ሽቶና የአልጋ ልብስ ጭነው ይመጣሉ፤ ደህና የስፖርት ጡት መያዣ ያመጣች አላየሁም። ዛሬ ቦሌ ላይ ባሉት የመስታወት ሱቆችም በሜትር ለክታ የምትሸጥ ሴት ብርቅ ናት። ዋጋው ግን ከመርካቶው ሃያ እጥፍ ሳይሆን አይቀርም።

ቅባቱ ደግሞ የመጨረሻው ቀልድ ነው። ዲክሎፌናክ ሲባል እኛ የምናውቀው መርፌውን ነው፤ ወገቡን ያመመው ሁሉ «ዲክሎ ውጉኝ» ይላል። ጄሉን የሚገዙት ኳስ ተጫዋቾችና ጉልበታቸው የሚቆረጥማቸው ሽማግሌዎች ናቸው። በ2003 እ.ኤ.አ. ከቱርክ፣ ከመርሲን ከተማ የወጣ ጥናት ይህንኑ ጄል 108 ሴቶች ላይ ሞከረ፤ በወር አበባ የሚመላለሰውንም ሌላውንም የጡት ህመም ከባዶው ቅባት በግልጽ በልጦ ቀነሰ። ዛሬ ብዙ መመሪያዎች ከልክ ጡት መያዣው ቀጥሎ የሚያነሱት እሱን ነው። ለነፍሰ ጡርና ለምታጠባ ሴት ሐኪም ሳይጠየቅ አይሰጥም፤ ለሌላዋ ጉዳቱ ጥቂት ነው። የሚያስቸግረው ደንበኛዋን ማሳመን ነው። ባለፈው የእህቴ ልጅ ቱቦውን ለአንዲት የባንክ ሠራተኛ ስታቀብላት፣ ልጅቷ ካርቶኑ ላይ የተሳለውን ሯጭ አይታ «ይሄ የጉልበት አይደል እንዴ?» አለች። ነው። ብዙ ተባብለው «እስቲ ቪታሚኑን ስጪኝ» ብላ ወጣች። ርካሹ ያላሳመናትን ውዱ አሳመናት።

ከሁሉ የማልረሳው ግን ከብራዚል የወጣው ነው። በ1999 እ.ኤ.አ. ሐኪሞቹ 121 ሴቶችን በሚገባ መርምረው፣ ካንሰር እንዳልሆነ አስረድተው፣ መድኃኒት ሳይሰጡ ላኳቸው። ከ10 ሰባት ያህሉ በዚያው ተሻላቸው። አክስቴ በሽሮ ድስቷ ላይ ሆና የምታደርገው ይህንኑ ነበር ለማለት ይቃጣኛል።

ይቃጣኛል እንጂ አልለውም። አክስቴ «ያልፋል» የምትለው ለሚያመውም ለማያመውም ነበር። ግቢያችን ውስጥ የነበሩ አንዲት እናት ጡታቸው ላይ የባቄላ ፍሬ የምታህል ነገር አገኙ፤ አላመመቻቸውም፣ ስለዚህ ለማንም አልተናገሩም። የሚያም ነገር ቢሆን ኖሮ ዳማከሴ ይጨመቅላቸው፣ ሰው ይሰማ ነበር። ቆይተው ሲናገሩም «ካላመመሽ ምን ያስጨንቅሻል» ተባሉ። ሐኪም ያያቸው ቆስሎ ሽታው ከነጠላቸው በላይ ከሆነ በኋላ ነው። ዛሬ ሕክምናው የሚለው ተቃራኒውን ነው፦ ህመም ብቻውን ከሆነ ካንሰር የሚሆነው ከስንት አንድ ነው፤ የሚያስፈራው የማያመው እብጠት፣ የሚጎደጉደው ቆዳ፣ ወደ ውስጥ የገባው ጫፍ፣ ከአንዱ ጡት ብቻ የሚንጠባጠበው ደም ነው። ይህን ዕውቀት በአክስቴ ወጥ ቤት ሁሉ አልለውጠውም።

የሚገርመው ዕውቀቱ መጥቶ ፍርሃቱ አለመቀነሱ ነው። ድሮ የሚያማት ትደበቅ ነበር፣ አሁን የሚያማት ትሮጣለች፤ የማያማት ግን ድሮም አሁንም ቤቷ ተቀምጣለች። የሃያ አምስት ዓመቷ ልጅ ደሟ ሊመጣ ሲል በጠጠራት ጡት ሦስት ክሊኒክ ዞራ ሦስት አልትራሳውንድ ትነሳለች። ሦስቱም «ጤናማ» ይላል። ሐኪሙ ወረቀቱን ያቀብላታል፣ ቀጣዩን ይጠራል። ብራዚሎቹ መድኃኒት ያደረጉት አሥር ደቂቃ ንግግር በየትኛውም የሂሳብ ደረሰኝ ላይ ዋጋ ስላልወጣለት ማንም አይሸጠውም። ልጅቷ ወረቀቱን በስልኳ ፎቶ አንስታ ለእህቷ ትልካለች፤ እህቷ ቨርጂኒያ ናት።

ከቨርጂኒያ የሚመጣው መልስ የታወቀ ነው፤ አንድ ጠርሙስ የፕሪምሮዝ ዘይት፣ ሰው ሲመጣ በሻንጣ። ከሁለት አሥርት ዓመት በፊት እንግሊዞች የጣሉት ያው ዘይት፣ አሁን በወርቃማ ክዳን። የእህቴ ልጅ ለአንዷ ደንበኛዋ ይህንን አስረድታት፣ ከዘይቱ ይልቅ የህመሙን ቀን በስልኳ ካላንደር ላይ እንድትመዘግብ፣ በልኳ ጡት መያዣ እንድትገዛና ጄሉን እንድትሞክር መከረቻት። ልጅቷ ልባም ናትና ሁሉንም አደረገች፣ ዘይቱንም ሳትተው። ከጥቂት ወር በኋላ ህመሙ ቀለለላት። ፋርማሲው መጥታ እያመሰገነች፣ እህቷን በቪዲዮ ደውላ ባንኮኒው ላይ አቆመቻት። እህትየው ከወዲያ ማዶ ፈገግ ብላ የእህቴን ልጅ «ይኸውልሽ፣ ዘይቱ አዳናት! ለናንተ ለፋርማሲውም ልላክላችሁ እንዴ? በደርዘን ሲገዛ ይረክሳል» አለቻት። የእህቴ ልጅ ወደኔ ዞር ብላ አየችኝ። እኔም በስንት እንደሚሸጥ ጠየቅሁ።